የክራካታው ልጅ ሲናድ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 2018፣ ቅዳሜ ምሽት፣ በጃቫ ደሴት ምዕራብ ጫፍ በታንጁንግ ሌሱንግ ዳርቻ «ሰቨንቲን» የተባለው የኢንዶኔዥያ ባንድ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ይጫወት ነበር። ውኃው መድረኩን ከኋላ ገንድሶ ሙዚቀኛውንም ተመልካቹንም ጠራረገ። ያቺ ቅጽበት በቪዲዮ ተቀርጻ ቀርታለች። ቀደም ብሎ ሰው ያስበረገገ የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም፤ የማስጠንቀቂያ ደወልም አልተሰማም።

የማዕበሉ መነሻ በሱንዳ ሰርጥ መካከል ያለው እሳተ ገሞራ፣ አናክ ክራካታው ነው። ስሙ «የክራካታው ልጅ» ማለት ነው። ወላጁ በ1883 ሲፈነዳ ከ36,000 በላይ ሰው አልቋል፤ አብዛኛውን የጨረሰው እሳቱ ሳይሆን ያስነሣው ሱናሚ ነበር። ልጁ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከባሕር ብቅ አለ። ወላጁ ትቶት በሄደው ጥልቅ ጉድጓድ አፋፍ ላይ አመድና ላቫ እየተደራረበበት አደገ። ገደል ጠርዝ ላይ የተቆለለ ክምር አንድ ቀን መንሸራተቱ አይቀርም።

ይህንንም የተናገሩ ነበሩ። በ2012 የታተመ ጥናት የተራራው ደቡብ ምዕራብ ጎን ቢናድ የሚነሣውን ማዕበል በኮምፒውተር አስልቶ፣ የጃቫ ከተሞችን ለመድረስ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ እንደሚፈጅበት አስቀምጧል። ከ6 ዓመት በኋላ ተራራው በዚያው ጎኑ ተናደ፤ ማዕበሉ በግማሽ ሰዓት ገደማ ከዳርቻው ደረሰ። 338 ሜትር የነበረው ተራራ ወደ 110 ሜትር ወረደ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ግማሽ ሰዓት ነው። ሰው ወደ ከፍታ ለመውጣት ይበቃው ነበር። ነገር ግን ከ2004ቱ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ እልቂት በኋላ የተገነባው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሚጠብቀው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥን ነበር፤ የተራራ መናድን እንዲያውቅ አልተሠራም። ተንሳፋፊዎቹ የሱናሚ መለኪያዎችም በብልሽት፣ በበጀት እጥረትና ሰዎች ባደረሱባቸው ጉዳት ከ2012 ጀምሮ አይሠሩም ነበር። ባለሥልጣናት መጀመሪያ ሱናሚ ሳይሆን የባሕር ሙላት ነው ብለው ኋላ አረሙ።

ከ2019 ወዲህ የባሕሩን ከፍታ ያለማቋረጥ የሚለኩ መሣሪያዎች በሰርጡ ዳርቻ ተተክለዋል። ይህ ለጃቫ ይበጃል። ከተራራው ቅርብ ባለችው በሴበሲ ደሴት ለሚኖሩት ግን ማዕበሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል፤ ውኃው ከተነሣ በኋላ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ እነርሱን አያድንም። ለእነርሱ ሲባል መለካት ያለበት ተራራው ራሱ ነው፤ ያም ይቻላል። ከአደጋው በኋላ የሳተላይት ራዳር ምስሎች ሲመረመሩ ያ ጎን ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ ወደ ባሕሩ ሲንሸራተት መክረሙ ታውቋል። ምስሎቹ ነበሩ፤ በጊዜው ተመልክቶ ለዳርቻው ሰው የተናገረ ግን አልነበረም። የክራካታው ልጅ ከዚያ ወዲህ እንደገና አድጓል።