ኃይልና ፍጥነት በፍልሚያ ስፖርት

በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኘው ጁባ፣ ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ርእሰ ከተማዋ ናት። በዚህች ከተማ ስታዲየም የሙንዳሪና የዲንካ ወጣቶች ባህላዊ ትግል ሲገጥሙ፣ በከብትና በግጦሽ ምክንያት ሲጋጩ የኖሩ ወገኖች በሰላም ተሰብስበው ይመለከታሉ። ድል የሚገኘው ተጋጣሚን መሬት ላይ በመጣል እንጂ በማቁሰል አይደለም።

ትግል ገጣሚው ጎንበስ ብሎ እጁን ወዲያና ወዲህ እያወናጨፈ ባላጋራውን ያዘናጋል። ክፍተት ባገኘ ጊዜ በቅጽበት እግሩን ይይዛል፤ ከያዘው በኋላ ግን ለመጣል የመላ ሰውነቱን ጉልበት ይጠቀማል። ከዚህ እንደምንረዳው ፍጥነት መንገድ ይከፍታል፤ ኃይል ደግሞ ሥራውን ይፈጽማል። ይኸው ሕግ በትግል ብቻ ሳይሆን ቡጢና እርግጫ በሚሰነዘርባቸው ስፖርቶችም ይሠራል።

ለመሆኑ የአንድ ምት ኃይል ከየት ይመነጫል? ከክንድ ውፍረት ብቻ የሚመነጭ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን የፊዚክስ ትምህርት እንደሚያስረዳው፣ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ አካል የሚሸከመው ጉልበት በክብደቱና በፍጥነቱ ይወሰናል። ክብደቱ በእጥፍ ቢጨምር ጉልበቱም በእጥፍ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም ፍጥነት የኃይል ተቃራኒ ሳይሆን ምንጩ ነው።

ይህ ሲባል ግን ክብደት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ክንዱን ብቻ የሚወረውር ሰው ምቱ ፈጣን ቢሆንም ቀላል ይሆናል። ጥሩ ተማቺ መሬቱን በእግሩ ይገፋል፤ ግፊቱም በዳሌው፣ በወገቡና በትከሻው አልፎ ወደ ጡጫው ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ክንዱን አስቀድሞ ማገተር የለበትም። የተገተረ ጡንቻ ራሱን እንደ ፍሬን ይይዛልና። ጡጫው የሚጨበጠው ዒላማውን ሊመታ ሲቃረብ ነው።

ኃይልን ያለልክ ማባከን የሚያስከትለውን ጉዳት ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. በኪንሻሳ የተካሄደው የቦክስ ግጥሚያ ያሳያል። ጆርጅ ፎርማን ከዚያ በፊት ጆ ፍሬዜርንና ኬን ኖርተንን በሁለተኛው ዙር ያሸነፈ ብርቱ ቡጢኛ ነበር። መሐመድ ዓሊ ግን ገመዱን ተደግፎ፣ ፊቱን በክንዶቹ ከልሎ፣ የፎርማንን ከባድ ምቶች ተቋቋመ። አልፎ አልፎም በፈጣን ቡጢ ይመልስ ነበር። ፎርማን በደከመ ጊዜ ዓሊ በስምንተኛው ዙር በተከታታይ ምቶች ጣለው።

በሌላ በኩል ኃይል የሌለው ፍጥነትም ዋጋ የለውም። በኦሊምፒክ የቴኳንዶ ውድድር ከ2004 ዓ.ም. የለንደን ውድድር ጀምሮ ተወዳዳሪዎች በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራ የደረት መከላከያ ይለብሳሉ። ለየክብደት ምድቡ የሚበቃው የምት ጉልበት አስቀድሞ ስለሚወሰን፣ ከዚያ በታች የሆነ እርግጫ ደረትን ቢነካም ነጥብ አያስገኝም። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ግራም ምድብ ኢትዮጵያን የወከለው ሰሎሞን ቱፋ የተወዳደረው በዚህ ዓይነት ሥርዓት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ ጥድፊያ ብቻውን ፍሬ አይሰጥም።

ጀማሪ ስፖርተኛ ይህን ሚዛን ለማግኘት በመጀመሪያ እንቅስቃሴውን በዝግታ አስተካክሎ ይማራል፤ ቀጥሎ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ሙሉ ኃይሉን ግን በአሸዋ ከረጢት ላይ ብቻ ይፈትናል። ከጓደኛው ጋር በሚያደርገው የልምምድ ግጥሚያ ምቱ ፈጣን፣ ነገር ግን ቀላል መሆን ይገባዋል። የራስ መከላከያ ቆብ ቁስልን ቢቀንስም፣ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ከመናወጥ አያድነውም። በልምምድ ጊዜ ጓደኛውን የሚጎዳ ሰው ነገ የሚያለማምደውን ያጣል። እንግዲህ የስፖርተኛ ብስለት የሚለካው አጥብቆ በመምታቱ ብቻ ሳይሆን፣ ኃይሉን መቼና ምን ያህል እንደሚጠቀም በማወቁም ጭምር ነው።