ያረጀ ወይን ሀብት ነው ወይስ ዕዳ? የጎንደር ሆቴሎች መደርደሪያ ስሌት

በ2012 ዓ.ም የኮቪድ ወረርሽኝ፣ በ2013 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የጎንደርን የቱሪስት ገበያ በተከታታይ መተውታል። እንግዳ ሲጠፋ በሆቴል መጋዘን ሳይሸጥ ከሚከርመው ዕቃ አንዱ ቀይ ወይን ነው። ቢራ ቀኑ ሲያልፍ ይጣላል፤ ወይን ግን «በቆየ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል» ስለሚባልለት ባለንብረቱ አቧራውን እየጠረገ ያቆየዋል። አባባሉ ለጥቂት ጠርሙሶች እውነት ነው። ለአብዛኛው ግን አይሠራም፤ የታሰረውን ገንዘብ ኪሣራ መሸፈኛ ከመሆንም አያልፍም።

በዓለም ገበያ ከሚቀርበው ወይን አብዛኛው የሚጠመቀው በታሸገ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። አሥርና ሃያ ዓመት ተቀምጦ የሚሻሻለው ታኒንና አሲድ የበዛበት፣ የፍሬው ኃይልም ያልሳሳ ቀይ ወይን ነው። ታኒን ማለት ወፍራም ሻይ ሲጠጡ ምላስንና ድድን የሚያደርቀው ነገር ነው። በዓመታት ውስጥ እየለዘበ ይሄዳል፤ ከፊሉም ከቀለሙ ጋር ተያይዞ እንደ አተላ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል። መነሻው ላይ ይህ አቅም የሌለው ወይን ቢቀመጥ ያረጃል እንጂ አይበስልም።

የአገራችን ቀይ ወይኖች በዚህ ሚዛን ሲታዩ መልሱ ብዙ አያከራክርም። የአዋሽ ወይን ጠጅ ምርቶች የሆኑት ጉደርና ጣፋጩ አክሱሚት ለዕለት ገበታ የተሠሩ ናቸው። የፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ (ባቱ) አጠገብ ተክሎ ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው ሪፍት ቫሊ ከሜርሎ፣ ከሲራና ከካበርኔ ሶቪኞን ወይን ይሠራል። በተለይ ካበርኔው በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ የተወሰኑ ዓመታት ቢቆይ አይጎዳም። ነገር ግን የቆየውን ጠርሙስ ከአዲሱ አስበልጦ የሚገዛ ገበያ የለም። ስለዚህ እነዚህን የያዘ ነጋዴ ቶሎ ቢሸጣቸው ይሻለዋል።

ከውጭ የመጣ፣ ስሙ የታወቀ ወይን የያዘ ሰው ጉዳይ ይለያል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይሆን «የት ነበር የተቀመጠው?» መሆን አለበት። ወይን ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት፣ በጨለማ፣ በጎኑ ተኝቶ መቀመጥ ይፈልጋል። ቆሞ ሲቀመጥ ቡሹ ይደርቃል፣ አየርም ያስገባል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የወይና ደጋ ከተማ ናት። የአየር ጠባዩ ስሙን ያገኘው ከወይን ተክል መሆኑ ይነገራል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በጣና አካባቢ ወይን ይጠመቅ እንደነበር ጽፏል። ለተክሉ የሚስማማው አየር ግን ለጠርሙሱ ይሞቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለውን መጋዘን ምን እንደሚያደርገው የከተማው ነጋዴ ያውቀዋል። ከባንኮኒ በላይ፣ መብራት ሥር፣ ለጌጥ የተደረደረው ጠርሙስ ዕጣ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው።

ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ነገሩ ይለወጣል። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ወይንን ከሙቀት ባልተናነሰ የሚጎዳው የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ነው። ስለዚህ የደጋው ጥቅም የሚገኘው በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በተሠራ ምድር ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

ጠርሙሱ ሳይከፈት ብዙ ይናገራል። መጠጡ ከአንገቱ ወርዶ ትከሻው ላይ ከደረሰ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ቡሹ ወደ ላይ ከተገፋ ሙቀት አግኝቶታል። ከተከፈተ በኋላ በነጭ ጨርቅ ላይ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ ዳሩን ማየት ነው፤ የበሰለ ቀይ ወይን ዳሩ እንደ ሸክላ ይቀላል፣ መሐሉ ግን ሕይወት አለው። ሁለንተናው ቡናማ ከሆነ አልፎበታል። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል፤ አቼቶ ከሸተተም ለሰላጣ እንኳ ያጠራጥራል። አተላ ብቻውን ጉድለት አይደለም። ጠርሙሱን ለአንድ ቀን አቁሞ ቀስ ብሎ መቅዳት ይበቃል።

በኢንቨስትመንት ረገድ የዓለሙ ገበያ በዋናነት የሚሽከረከረው በጥቂት ስሞች ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒውዮርክ ላይ አንድ የ1945 ሮማኔ ኮንቲ ጠርሙስ 558 ሺህ ዶላር ተሸጧል። ይህ ዜና ብዙዎችን አጓጉቷል። ለንደን የሚገኘው ሊቭ-ኤክስ የተባለው የወይን መገበያያ መለኪያዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ጣሪያ ነክተው ለዓመታት ወርደዋል፤ ከ2022 መጨረሻ ወዲህም እንደገና ቁልቁል ተጉዘዋል። የማጭበርበር ሥጋትም አለ። ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለው ነጋዴ ተራ ወይን በታላላቅ ስሞች እያሸገ በመሸጡ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ 10 ዓመት ተፈርዶበታል። ገዢ ደረሰኝና የአቀማመጥ ማስረጃ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኛ ነጋዴ ዋናው ወጥመድ ሌላ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም አልኮል መጠጦች የውጭ ምንዛሪ ከተከለከሉት 38 የዕቃ ዓይነቶች ውስጥ ገቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የገዛ ሰው ጠርሙሱ በብር እጥፍ ሲያወጣ «ወይኔ አደገ» ቢል አይፈረድበትም። ያደገው ግን ወይኑ አልነበረም። በዚያው ወቅት የገባ ውስኪ ወይም የመኪና ጎማ የያዘም ያንኑ ያህል አትርፏል፤ ጎማው ደግሞ ቡሽ የለውም።

ስሌቱን በቀላሉ ማየት ይቻላል። አንድ ጠርሙስ በ10,000 ብር ተገዝቶ 10 ዓመት ቢቀመጥና ገንዘቡ በሌላ ሥራ በዓመት 15 በመቶ ያስገኝ ነበር ቢባል፣ ባለቤቱ ሳይከስር ለመውጣት 40,456 ብር ገደማ መሸጥ አለበት። ከአንድ ካርቶን 12 ጠርሙሶች አንዷ ብትበላሽ የቀሩት 11 እያንዳንዳቸው 44,134 ብር ገደማ ማውጣት ይኖርባቸዋል። የመጋዘን ወጪና የመንገድ ሥጋት አልተጨመሩም። ይህን ዋጋ የሚከፍል ገዢ ጎንደር ውስጥ ማን ነው? አዲስ አበባስ ቢሆን የቆየ ወይን በይፋ የሚጫረትበት መድረክ የት አለ? በጥር 2017 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አክሲዮን እንጂ ካርቶን አያገበያይም። ለውጭ ጨረታ ለመላክም ጠርሙሱ በሙያው በተደነገገው ሁኔታ መቀመጡን የሚያሳይ ሰነድ ይጠየቃል፤ የሆቴል መደርደሪያ ይህን ሰነድ አይሰጥም።

ለጎንደር ባለሆቴል የሚሻለው ከእያንዳንዱ ካርቶን አንድ ጠርሙስ ከፍቶ መቅመስ ነው። ደህና ከሆነ ዓመተ ምርቱን ዝርዝር ላይ ጽፎ ለጥምቀት እንግዶችና ከጥምቀት በኋላ ለሚበዛው ሠርግ ማቅረብ፣ በብርጭቆም መሸጥ ይችላል። የቆየ ወይን ከተከፈተ በኋላ ለማግስቱ እንኳ እምብዛም ስለማይዘልቅ ጠርሙሱን ከመክፈት በፊት ቢያንስ አራት ጠጪ መቁጠር ያስፈልጋል። እየደከመ ያለውን ጊዜ ሳይሰጡ በቅናሽ መልቀቅ፣ የሞተውን ደግሞ ከንብረት መዝገብ መሰረዝ ነው። ለልጁ ምርቃት አንድ ደህና ቦርዶ ገዝቶ ያስቀመጠ አባትም በዓሉ ሲደርስ መክፈት ነው፤ እሱ የገዛው ሊጠጣው ነውና የ15 በመቶው ስሌት አይመለከተውም።