ጠጅ ስለሚያኾመጥጡ ትንኞች

በጠጅ ጋን አፍ፥ በአተላ እንስራና በበሰለ ሙዝ ዙሪያ የሚያንዣብበውን ትንኝ የማያውቅ የለም። ነገር ግን በእጁ እሽ ከማለት በቀር ጉዳዬ ብሎ የሚመለከተው ሰው ጥቂት ነው። እኛም እንደዚሁ ነበርን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤታችን የልጅ ክርስትና ሊደረግ ኹለት ጋን ጠጅ ተጥሎ ሳለ፥ ግብዣው ሦስት ቀን ሲቀረው አንደኛው ጋን ኾምጥጦ ተገኘ። ጠጅ ጣይዋ የጌሾውን ልክ አጥፍታለች ብለን በሰው ፊት ተቈጣናት፤ ደመወዟንም ያዝንባት። እርሷም፦ «ጌታዬ፥ ኹለቱም ከአንድ ማርና ከአንድ ጌሾ የተጣሉ ናቸው፤ ታዲያ አንደኛው ሳይበላሽ ለምን ቀረ?» ብላ መለሰች። መልስ አጣን። ኋላ ብንመረምር የደኅናው ጋን አፍ የተመረገ ነበረ፤ የተበላሸው ግን ለቅምሻ ተከፍቶ በሳሳ ጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ፥ በጨርቁ ቀዳዳ ትንኞች ሲገቡና ሲወጡ አየን። እንዲከፈት ያዘዝነውም እኛው ነበርን።

ይህ ትንኝ ርዝመቱ ሦስት ሚሊሜትር ያኽላል፤ ዓይኑ ቀይ ነው። ሊቃውንት ድሮሶፊላ ይሉታል፤ በግሪክ ቋንቋ ጤዛ ወዳድ ማለት ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ቶማስ ሃንት ሞርጋን ይህንኑ ትንኝ በጠርሙስ እያረባ የዘር ውርስን ነገር ስለ መረመረበት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1933 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ለእርሱ ክብር ያመጣው ፍጡር ለእኛ ጋን ግን ጥፋት አመጣ። ትንኙን የሚጠራው ከማሩ ጣፋጭነት ይልቅ የእርሾውና የሚፈላው ነገር ሽታ ነው። ከአተላው ተነሥቶ ወደ ጋኑ ሲገባም ኾምጣጤ የሚያደርገውን ባክቴሪያ በሰውነቱ ተሸክሞ ያሻግራል፤ ባክቴሪያውም አየር ሲያገኝ የጠጁን አልኮል ወደ ኾምጣጤ ይለውጠዋል።

ሴቲቱ በዕድሜዋ እስከ 400 የሚደርስ ዕንቍላል ትጥላለች። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በኾነበት ቤት ዕንቍላሉ በአንድ ቀን ተፈልፍሎ፥ በ10 ቀን ገደማ የሚበር ትንኝ ይኾናል። በደጋ ቤት ብርዱ ያዘገየዋል፤ ዳሩ ግን ምድጃ ያለበት ጓዳ እንደ ቈላ ነው።

ስለዚህ የሚበረውን ብቻ መግደል ከንቱ ድካም ነው። መራቢያው በጋን ሥር የቀረ አምቡላ፥ ሳይታጠብ የተሰቀለ የጠጅ ማጥለያ፥ የአተላ ባልዲ፥ ርጥብ መወልወያ፥ የተሰነጠቀ ፍሬና የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ነው። አተላው በየማታው ይውጣ፤ ማጥለያው በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ፍሬው ከገበያ እንደ መጣ ታጥቦ ይከደን። በጓዳ ውስጥ መርዝ መርጨትን ግን አንወድም፤ በአተላው ውስጥ ያለውን ዕንቍላል ሳይነካ በምግቡ ላይ ያርፋልና።

ለሚበሩት ደግሞ አፉ የተሸረፈ ብርሌ ይበቃል። ጥቂት ኾምጣጤ ወይም የተበላሸ ጠጅ ጨምሮበት አንድ ጠብታ የሳሙና ውሃ ማከል ነው። ሳሙናው የፈሳሹን ገጽ ስለሚያላላው ትንኙ ሊቆምበት አይችልም፥ ይሰጥማል፤ ያልሰጠመውም ከጠባቡ አንገት መውጫ ይጠፋዋል። ይህን ብርሌ ከእንግዳ ብርሌ ጋር እንዳታስቀምጡ፤ በእኛ ቤት አንድ ጊዜ ለሽማግሌ ሊቀርብ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዕንቍላሉ ገና ይፈለፈላልና ወጥመዱ ሦስት ሳምንት ይቆይ።

ገና የሚፈላን ጋን ፈጽሞ ማፈን አይገባም፤ እስትንፋሱ መውጫ ይሻል። አፉን ጥብቅ ኾኖ በተሸመነ ጨርቅ ሦስት እጥፍ አድርጎ በገመድ ማሰር፥ መፍላቱ ሲያበቃም መምረግ ነው።

የጠጅ ጣይዋን ደመወዝ መለስንላት። ይቅርታ የጠየቅናት ግን በጓዳ ነው እንጂ በተቈጣንበት በሰው ፊት አልነበረምና እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። አኹን በቤታችን ጋን የሚከፈተው እርሷ ስትፈቅድ ብቻ ነው።