ቫልቭ የተቀየረለት ሰው እግሩ በድንገት ሲቀዘቅዝ

ከሮቤ አንዲት እናት «ልጄ የብረት ቫልቭ ገብቶለታል፤ ለዚያራ ድሬ ሼክ ሁሴን ሲሄድ ዋርፋሪኑን ለጥቂት ቀን ቢተወውስ?» ብለው ጠየቁኝ።

እናቴ፣ በፍጹም አይተው! የብረት ቫልቭ ለደም ባዕድ ነገር ነው፤ ያለ መድኃኒት ደም እላዩ ላይ ይረጋል። የረጋው ሲላቀቅ ብዙውን ጊዜ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል፤ ይሄን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አልፎ አልፎ ግን ወደ ዓይን፣ አንጀት፣ ኩላሊት፣ አንዳንዴም ወደ ልብ የራሱ ደም ስር ይገባል።

እኔ የምፈራው የእግሩን ነው። እግር በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ይገረጣል፣ ክፉኛ ያማል፤ ሰው ግን «የመንገድ ድካም ነው፣ ብርድ ነው» ብሎ ያሸዋል። አትሹት፣ እሳትም አታሙቁት! እግሩን ለማትረፍ ያለን ጊዜ 6 ሰዓታት ገደማ ነው፤ ከድሬ ሼክ ሁሴን እስከ ጎባ ሆስፒታል ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። ስለዚህ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ልጁ ከመነሳቱ በፊት አይ ኤን አር ይመርመር፤ የተቀየረው ማይትራል ከሆነ ከ2.5 እስከ 3.5 እንፈልጋለን። መድኃኒቱን ከሚቆይበት ቀን አስበልጦ ይያዝ። አንድ ቀን ከረሳ፣ በዚያው ቀን ሲያስታውስ ይዋጥ፤ በማግስቱ ግን ደርቦ አይውሰድ።