በ56 ዓመት የደረሰ ድርሰት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ በመንገዱ ማንኩሳን ያገኛል። “ማንኩሳ ላይ ወራጅ አለ!” ይላል አንዱ፤ ረዳቱ በሩን ይከፍታል፤ ሰውየው ጆንያውን ተሸክሞ ይወርዳል። መጽሐፍ ያነበበ ተሳፋሪ ካለ ግን አንገቱን ወደ መስኮቱ ሰገግ ማድረጉ አይቀርም። የበዛብህ አገር ነዋ! የባለታሪኩ የበዛብህ ልቦለድ፣ “ፍቅር እስከ መቃብር”፣ የሚጀምረው እዚህ ነው።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የ56 ዓመት ሰው ነበሩ። ከዚያ በፊት መምህር፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን አርበኛ፣ በጣሊያን አገር እስረኛ፣ ቀጥሎም ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነዋል። ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ግን በጡረታ መዳረሻ ዕድሜያቸው ያሳተሙት ልቦለድ ነው። “ምነው ዘገዩ?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የአእምሮ ሳይንስ ጥያቄውን ያዞረዋል፤ እስከዚያ ድረስ ምን ሲጠራቀም ቆየ?

ፈሳሹና የረጋው

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሬይመንድ ካተል እ.ኤ.አ. በ1943 የማሰብ ችሎታን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ፈሳሽ ነው፤ አይተነው የማናውቀውን እንቆቅልሽ በቶሎ የምንፈታበት። ሁለተኛው የረጋ ነው፤ በትምህርትና በኑሮ ያጠራቀምነው ዕውቀትና ቃል። ሁለቱ እኩል አይበስሉም፣ እኩልም አያረጁም። ሃርትሾርንና ጀርሚን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ48,000 በላይ ሰዎችን በኢንተርኔት ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ የአእምሮ ፍጥነት ገና 20 ዓመት ሳይሞላ ጫፍ ሲነካ፣ የቃላት ዕውቀት ግን እስከ 60ዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ድረስ ሲያድግ ታይቷል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከተማ ያደገ ወጣት ከመንገዱ ዳር የሚያየውን ሁሉ “መሬት” ብሎ ያልፈዋል። አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት ግን ማሳውን ከጓሮው፣ ጦም አዳሪውን ከግጦሹ፣ ወሰኑን ከቦዩ ለይተው ይጠሩለታል። ሎሚ ቢወረወር ቀድሞ የሚቀልበው ወጣቱ ነው፤ ቃል ሲመረጥ ግን ተራው የአዛውንቱ ነው።

የትዝታ ጉብታ

ከቃላት ቀጥሎ ሁለተኛው ስንቅ ትዝታ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ሩቢንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳዩት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ያለፈ ሕይወታቸውን እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ የቅርብ ጊዜውን ሳይጨምር፣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን ከሌላው ዘመን አብልጠው ያወሳሉ። ትዝታው በግራፍ ሲሣል እዚያ ላይ ያብጣል፤ “ጉብታ” የተባለውም ለዚህ ነው። ምክንያቱን በተመለከተ የተለያየ አስተያየት አለ። ብዙ የመጀመሪያ ነገር የሚገጥመን፣ ማንነታችንም የሚቀረጸው በዚያ ዕድሜ ነው የሚለው አንዱ ነው።

ሐዲስ በልጅነታቸው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በዛብህም ቅኔ ፍለጋ ወደ ዲማ ይሄዳል። መጽሐፉን የጻፈው ጉብታው ብቻ ነው ማለት አይደለም። ሆኖም የወጣትነት ዓለም ከአርባ ዓመት በኋላ ሽታና ድምፁን ይዞ ወረቀት ላይ መውጣቱ እንደ ተአምር የሚቆጠር አይደለም።

ስሙ ከሥራው በኋላ

ከሁሉ የሚከብደው “እኔ ደራሲ ነኝ” ማለት ነው። ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ የሚኖር ጡረተኛ አስተማሪ ብዙ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳሪል ቤም እ.ኤ.አ. በ1972 ባብራራው ንድፈ ሐሳብ፣ የውስጥ ስሜታችን ባልጠራ ጊዜ ራሳችንን የምናውቀው ሌላውን ሰው በምናውቅበት መንገድ ነው፤ ሥራችንን አይተን። ብዙ ሰው መጀመሪያ ደራሲነት እንዲሰማው፣ ከዚያ እንዲጽፍ ይጠብቃል። እንደ ቤም ከሆነ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው።

የጎጃም ቅኔ ቤት ይህን ያለ ንድፈ ሐሳብ ያውቀዋል። ተማሪው ባለቅኔነት እስኪሰማው የሚጠብቀው የለም። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ይታረማል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። “ዘራፊ” የሚባለው ቅኔ ስለ ዘረፈ ነው። ሐዲስም ቢሆኑ በአንድ ሌሊት አልተነሡም። በወጣትነታቸው ተውኔት ጽፈዋል፤ “ተረት ተረት የመሠረት”ን ያሳተሙት ከልቦለዱ አሥር ዓመት ቀድመው በ1948 ዓ.ም. ነው።

ፊደል ራሱ ቢዘገይስ? በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ የአገራችን ገበሬ ሀሁን የቆጠረው ልጆች ወልዶ ነው። የአእምሮ ሳይንስ ተመራማሪው ስታኒስላስ ዴሃኔና ባልደረቦቹ በብራዚልና በፖርቱጋል 63 ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳስታወቁት፣ በጎልማሳነት ማንበብ የተማረ ሰው አእምሮም በግራ በኩል ለፊደል የሚሆን ቦታ ያደራጃል።

ዕድሜ ግን የሚሰጠውን ያህል ይወስዳል። የሰው ስም “አፌ ላይ ደርሶ ጠፋኝ” ማለት ዕድሜ ሲገፋ እንደሚበዛ ጥናቶች ያረጋግጣሉ። ቃሉ ከጎተራው አልወጣም፤ የጠበበው በሩ ነው።

አማርኛችን “ደረሰ” የሚለውን ቃል ለመጽሐፍም ለእህልም ይጠቀምበታል። ማንኩሳ ዳር ያለ ገበሬ ጤፉ ሲደርስ ከዓመት ዓመት አይቷል፤ ደርሶ ያልታጨደ ጤፍ እንደሚረግፍም ያውቃል። ሣጥን ውስጥ ደብተር የቆለፈ ሰው ራሱን መጠየቅ ያለበት ዕድሜው ማለፉን ሳይሆን ማጭዱን የት እንዳስቀመጠ ነው።