ባዶ ዝርዝር እና የጠፋ ዝርዝር

አንድ የደመወዝ ፕሮግራም የሠራተኞችን ዝርዝር ከዳታቤዝ ተቀብሎ የእያንዳንዱን ክፍያ በየተራ ያሰላል እንበል። ስሞቹን አንድ በአንድ እያነሳ ሥራውን የሚደጋግመውን የኮድ ክፍል ፕሮግራመሮች ሉፕ ይሉታል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ሉፑ አንዴም ሳይዞር ያልፋል፤ የሚከፈለው ሰው የለምና ልክ ነው። ዳታቤዙ ሳይመልስ ቀርቶ በዝርዝሩ ፋንታ ናል፣ ማለትም ዝርዝሩ ራሱ እንደሌለ የሚያሳይ ምልክት ሲመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሉፑ ይህንንም ዝም ብሎ ካለፈው ፕሮግራሙ «ጠቅላላ ክፍያ፦ 0 ብር» ብሎ በሰላም ይጨርሳል፤ ስህተቱ የሚታወቀው ሠራተኛው ባንክ ሄዶ ገንዘቡን ሲያጣ ነው። ስለዚህ ሉፕ ናል ሲያጋጥመው ስህተቱን ተናግሮ መቆም አለበት እላለሁ።

ጃቫ፣ ሲ ሻርፕ እና ፓይተን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ፓወርሼል በሁለተኛው እትሙ ናልን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥሮ አንድ ጊዜ ይዞር ነበር፤ ይህ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ይመስለኛል፤ በሦስተኛው እትም ቀርቷል። ከሁሉ የሚያስተምረው ግን ጃቫስክሪፕት ነው። «ፎር ኢን» የተባለው ነባር ሉፑ በቋንቋው ደንብ ሦስተኛ እትም መሠረት ናል ላይ ስህተት ማስነሳት ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አምስተኛ እትም ግን የቀድሞ ኮድ እንዳይበላሽ ሲባል በዝምታ እንዲያልፍ ደነገገ። በ2015 «ፎር ኦፍ» የተባለ አዲስ ሉፕ ሲጨመር፣ የሚበላሽ የቀድሞ ኮድ አልነበረውምና፣ ናል ሲያገኝ እንዲቆም ተደረገ።

የጎ ቋንቋ ሉፕስ ናልን በዝምታ ያልፍ የለም ወይ? ያልፋል፤ ነገር ግን በጎ የዝርዝር ናል ርዝመቱ 0 የሆነ፣ ዕቃ ሊጨመርበት የሚችል ሙሉ ዝርዝር ነው፤ ከላይ የተጠቀሱት ቋንቋዎች እንዲህ ያለ ትርጉም አልሰጡትም። ጠንካራው ተቃውሞ ከልምድ የሚመጣ ነው፦ በየሉፑ ፊት «ናል ነው ወይ?» ብሎ መፈተሽ ያሰለቻል፣ አንዱ ከተረሳ ደግሞ ፕሮግራሙ ደንበኛ ፊት ይወድቃል። እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ያለው ምንጩ ላይ ነው፤ ፈልጎ ያላገኘ ኮድ ባዶ ዝርዝር ይመልስ፣ መፈለግ ያልቻለ ደግሞ አለመቻሉን ይናገር። ናልን እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠረው ቶኒ ሆር ራሱ በ2009 የቢሊዮን ዶላር ስህተት ብሎታል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት እንደ ኮትሊን ያሉ ቋንቋዎችም ጥበቃውን ኮዱ ከመሮጡ በፊት ወደሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ማለትም ወደ ኮምፓይለሩ አምጥተውታል። ናል ሊሆን የሚችል ዝርዝር ሉፕ ውስጥ ሲገባ ኮምፓይለሩ ኮዱን አልቀበልም ይላል፤ ፕሮግራመሩም ናል እንደ ባዶ ይቆጠር ወይስ እንደ ስህተት፣ ውሳኔውን ራሱ እንዲጽፍ ይገደዳል።