የሳምፕለር፣ የኮምፒዩተርና የጋራ ዲስክ ግንኙነት

ሳምፕለር ድምፅን ቀርጾ በቁጥር መልክ የሚያስቀምጥና ቁልፍ ሲጫኑ በተፈለገው የድምፅ ከፍታ መልሶ የሚያሰማ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የተቀረጸው ቁራጭ ድምፅ ናሙና ወይም ሳምፕል ይባላል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ ሳምፕለሮች ከኮምፒዩተርና ከውጫዊ ሃርድ ዲስክ ጋር የሚገናኙት ስካዚ በተባለው የመገናኛ ሥርዓት ነበር።

አስፈላጊነቱ

ናሙና ብዙ ቦታ ይይዛል። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓኑ አካይ ኤስ1000 ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ በ16 ቢት ይለካል። በዚህ ልክ የ1 ደቂቃ ስቴሪዮ ድምፅ 10 ሜጋባይት ያህል ሲሆን፣ አንድ ፍሎፒ ዲስክ ግን ከ2 ሜጋባይት በታች ይይዛል። ሚዲም የተነደፈው የአጨዋወት ትእዛዝ ለማስተላለፍ እንጂ ድምፁን ራሱን ለማሻገር አይደለም። ፍጥነቱ በሴኮንድ 31,250 ቢት ስለሆነ፣ ያንኑ የ1 ደቂቃ ድምፅ በናሙና ማስተላለፊያ ደንቡ ለመላክ ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በ1986 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት ስካዚ ግን በሴኮንድ እስከ 5 ሜጋባይት ማስተላለፍ ይችላል፤ ሳምፕለሮች በተግባር ከዚህ ቢዘገዩም ከሚዲ እጅግ ይፈጥናሉ።

አገናኘት

በመጀመሪያው ስካዚ በአንድ መስመር ላይ ኮምፒዩተሩን ጨምሮ እስከ 8 መሣሪያዎች በተከታታይ ይያያዛሉ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 7 ካሉት ቁጥሮች የራሱ መለያ ሊኖረው ይገባል፤ ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ ግንኙነቱ ይታወካል። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ብቻ ተርሚኔተር ይደረጋል። ይህ ከሌለ ምልክቱ ከጫፍ ተንጸባርቆ ስለሚመለስ መረጃው ይበላሻል። ገመድ የሚሰካውም ሆነ የሚነቀለው መሣሪያዎቹ ሁሉ ጠፍተው ነው።

የጋራ ዲስክ አደጋ

ሳምፕለሩና ኮምፒዩተሩ አንድ ዲስክ ማየት ቢችሉም ያለ ጥንቃቄ ሊጋሩት አይችሉም። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ አካይ የራሱ የዲስክ አቀማመጥ አለው። ማኪንቶሽ ይህን ስለማያውቅ ዲስኩን እንደ ባዶ ቆጥሮ አዲስ ልክፈተው ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተጠቃሚው ከተስማማ የናሙናው ስብስብ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ስካዚ በመስመሩ ላይ ተራ ያስጠብቃል እንጂ የፋይል ዝርዝር አያስማማም። ሁለቱም አቀማመጡን ቢያውቁ እንኳ እያንዳንዱ ዝርዝሩን በራሱ ማስታወሻ ይይዛል። ነገሩ ሁለት ንብረት ክፍሎች የአንድ መጋዘን መዝገብ ለየብቻ እንደ መያዝ ነው፤ አንዱ ባዶ ብሎ የመዘገበው ቦታ ላይ ሌላው ዕቃ አስቀምጦ ሊሆን ይችላል። በዚህ የተነሳ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደመስሳል።

ስለዚህ ዲስክ ለየብቻ መመደብ፣ ወይም ከአንዱ ወገን ብቻ መጻፍ ይመረጣል። ሌላው መንገድ ዲስኩን ሳይነኩ ናሙናውን በስካዚ ከኮምፒዩተሩ በቀጥታ ወደ ሳምፕለሩ ማስታወሻ መላክ ነው።

በዛሬው ጊዜ

አዳዲስ ሳምፕለሮች ዩኤስቢ ይጠቀማሉ። በአሮጌዎቹ ላይ ደግሞ ኤስዲ ካርድን እንደ ስካዚ ዲስክ የሚያሠሩ አነስተኛ ሰሌዳዎች ይገጠማሉ። የመለያ ቁጥርና የተርሚኔተር ደንብ ግን ለእነዚህም ይሠራል።